የየትኛው ሚካኤል ማኅተም ነው?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለተሰበሰብን ሰዎች በቃል ያወራሁት ነው። ሲጻፍ አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ ሳቁንና ጥያቄውን ግን ሙሉ በሙሉ አላወጣሁትም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእረፍት አዲስ አበባ ሄጄ፣ አንድ ደብዳቤ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆምኩ። ፊርማ አለው። ቁጥር አለው። ቀን አለው። ልጅቷ ተቀበለችኝና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ አየችው። «ማኅተሙ አይነበብም» አለች። እውነቷን ነው። ክቡ አለ፣ የፊደሉ ግማሽ ግን የለም። ደብዳቤውን ወደ ጻፈው ቢሮ ተመለስኩ። እዚያ ደግሞ ማኅተሙን የሚይዙት ሰውዬ ለቅሶ ሄደዋል፤ መሳቢያው ተቆልፏል። ሦስት ቀን ተመላለስኩ።

ያኔ ሆዴ እርር ብሎ ነበር። አሁን ግን ያቺን ልጅ ሳስባት ፈገግ እላለሁ። ወረቀቱን ዘንበል አድርጋ፣ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አድርጋ ነው ያየችው። ዛሬ የማወራላችሁ ሊቃውንትም ውለው የሚገቡት ይህንኑ ሲሠሩ ነው። እነሱ ፊት ያለው ማኅተም ግን የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። ደብዳቤው ጠፍቷል፣ ቢሮው ጠፍቷል፣ ማኅተም ያዡም ከለቅሶው አልተመለሰም።

ይህን ሥራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ጆርጅታውን ውስጥ ደምባርተን ኦክስ የሚባል ቤት አለ። ስሙን የሰማችሁት ካላችሁ በ1944 የተባበሩት መንግሥታትን ለማቋቋም የተመከረበት ቦታ ስለሆነ ይሆናል። ቤቱ ከ1940 ጀምሮ የሃርቫርድ ነው። ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ የቢዛንታይን፣ ማለትም ዋና ከተማው ቁስጥንጥንያ የነበረው የምሥራቅ ሮም መንግሥት፣ የእርሳስ ማኅተሞች እዚያ ተቀምጠዋል። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ስብስብ የለም። እኛ ዩ ስትሪት ላይ ቡና እየጠጣን፣ ጥቂት ማይሎች ርቀት ላይ የተሰሎንቄ ጳጳሳት በመሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል።

የንግግሬን ርዕስ በስልክ ስነግረው አንድ ወዳጄ «በእርሳስ የተጻፈ ነገር ሺህ ዓመት ይቆያል እንዴ?» አለኝ። ላጲስ ያስፈራው መሰለኝ። እርሳስ ስል ብረቱን ነው፤ ከባዱን፣ ግራጫውን፣ ጥይት የሚሠራበትን።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እርሳስ ይቀለጥና በቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። ሲወጣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ክብ ነገር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውስጥ ለውስጥ ቀጭን ቀዳዳ አለው። ደብዳቤው ይታጠፋል፣ በሲባጎ ይታሰራል፣ የሲባጎው ጫፍ በቀዳዳው ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ቡሎቴሪዮን ይመጣል። ቡሎቴሪዮን የአንጥረኛ ጉጠት የሚመስል የብረት መሣሪያ ነው። ሁለቱ መንጋጋዎቹ ላይ ስምና ሥዕል ተገልብጦ ተቀርጿል። እርሳሱን በመሃል ይነክሰዋል፣ ከላይ በመዶሻ አንዴ ይመታል። አለቀ። እርሳሱ ሲባጎውን ይዞ ይጨፈለቃል፣ ሁለቱም ፊቱ ላይ ጽሑፍ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ደብዳቤውን ለመክፈት የፈለገ ሰው ወይ ሲባጎውን ይቆርጣል፣ ወይ ማኅተሙን ይሰብራል።

መዶሻው ሁልጊዜ መሃል አይመታም። ክቡ ወደ ጎን ይንሸራተትና የስሙ መጀመሪያ ከእርሳሱ ውጭ ይቀራል። ወይ ደግሞ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ይሰረጉድና መሃል ላይ ያለው መስመር ይዋጣል። የማኅተም ሊቅ መከራው እዚህ ነው። «...ስ፣ የኤፌሶን ጳ...» የሚል ነገር ይዞ ይቀመጣል።

በወርቅ የማተም መብት የንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር። ፓትርያርኩም፣ ጳጳሱም፣ ዳኛውም፣ ቀራጩም፣ መነኩሴውም በእርሳስ ያትማሉ። ሰምና ወርቅ ስንል ላደግን ሰዎች፣ በቢዛንታይን በሰሙና በወርቁ መካከል እርሳስ ነበር ማለት ነው። ይህ ልማድ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ደርቶ ቆየ። ብራናውና ወረቀቱ ተቃጠለ፣ በሰበሰ፣ አይጥ በላው። ማኅተሙ ከደብዳቤው ጋር እንደታሰረ የቀረው ጥቂት ነው፤ እሱም እንደ አቶስ ተራራ ባሉ ገዳማት መዝገብ ቤት ውስጥ። እርሳሱ ግን መሬት ውስጥ አይበሰብስም። ስለዚህ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ላይ ስማቸው ያልተጠቀሰ ቀሳውስት፣ መጋቢዎችና ጳጳሳት ዛሬ የምናውቃቸው በአንድ እርሳስ ብቻ ነው።

አሁን እኛ ሐበሾች ከብዙ ሰው ቀድመን ወደሚገባን ነገር ልምጣ። ማኅተሙ ላይ ያለው ግሪክኛ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። «ኤፒስኮፖስ» ይላል፤ ኤጲስ ቆጶስ ነው። «ፓትሪያርኬስ»፣ «ዲያኮኖስ» ይላል፤ ልተርጉምላችሁ? ሌሎቹ ሹመቶችም ቢሆኑ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው አይቸገርባቸውም። «ስኬዎፊላክስ» ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቀው ነው፤ የእኛ ቄሰ ገበዝ በሉት። «ኢኮኖሞስ» መጋቢው ነው። «ቻርቶፊላክስ» መዝገብ ቤት ያዡ ነው፤ ግን መዝገብ ቤት ስላልኩ አትናቁት፣ ውሎ አድሮ የፓትርያርኩ ቀኝ እጅ ሆኗል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ማኅተሙ ላይ ቀን የለም። አንዳንድ የ7ኛውና የ8ኛው ክፍለ ዘመን የንግድ ሹሞች ኢንዲክሽን የሚባለውን የ15 ዓመት ዙር ይጽፉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን ስምና ሹመት ጽፈው ያበቃሉ። ስሙም ዮሐንስ ነው። ወይ ኒቆላዎስ። ወይ ሚካኤል። የአባት ስም የለም። መርካቶ መሃል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደመጣራት ነው።

አንዱን ሚካኤል እንያዝ። ማኅተሙ በአንድ ፊቱ እመቤታችን ልጇን ይዛ አለች። በሌላው ፊት እንዲህ ይላል፤ «ሚካኤል፣ በእግዚአብሔር ምሕረት የአዲሲቱ ሮም የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስና የዓለም ሁሉ ፓትርያርክ»። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መታወቂያ የት ይገኛል? ግን በዚህ ማዕርግ የተቀመጡ ሚካኤሎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ኬሩላርዮስ ነው፤ ከ1043 እስከ 1058፣ በ1054 ከሮም ጋር የተወጋገዘው። ሁለተኛው ከ1143 እስከ 1146። ሦስተኛው ከ1170 እስከ 1178። አራተኛው ከ1208 እስከ 1214 የነበረው ቁስጥንጥንያን ላቲኖች ስለያዙበት ኒቅያ ሆኖ ነው። ማኅተሙ ላይ ግን ቁስጥንጥንያ ነው የሚለው። «1ኛ»፣ «2ኛ» የምንለውን እኛ ነን የጨመርነው። ራሳቸውን «ቀዳማዊ» ብለው አይጽፉም፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ሚካኤል እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

ወደ ሚካኤሎቹ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ዘመኑን የሚያጠቡትን ነገሮች ልንገራችሁ። ማጥበብ ነው እንጂ ማወቅ አልልም። እያንዳንዱ ምልክት ከላይም ከታችም ጥቂት ዓመት ይቆርጣል፤ የቀረው መሃል ላይ ያለው ነው።

ቀላሉ የስም አጻጻፍ ነው። በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ስምን አንድ ላይ አጠላልፎ ሞኖግራም መሥራት ፋሽን ነበር። መጀመሪያ የሳጥን ቅርጽ ያለው ነው፤ ኋላ የመስቀል ቅርጽ ያለው ይበዛል። ለማንበብ ያስቸግራል፤ ላንዱ ሞኖግራም ሁለትና ሦስት ስም የሚገጥምበት ጊዜ አለ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ «እመቤቴ ሆይ እርጂ» የሚለው ጸሎት ራሱ የመስቀል ሞኖግራም ሆኖ ይመጣል፤ በአራቱ ማዕዘን «ባሪያሽን» የሚለው ይበተናል።

ያ ዘመን ሥዕል የተከለከለበት ዘመን ነው። ከ730 እስከ 787፣ ከዚያም ከ815 እስከ 843 በመንግሥት አዋጅ ቅዱሳት ሥዕላት ተነሡ። ማኅተሙም ሥዕል አጥቶ በፊደል ብቻ ቀረ። በ843 ሥዕል ሲመለስ ከፓትርያርኩ ጀምሮ እመቤታችን፣ ቅዱሳኑና መላእክቱ ቀስ በቀስ ማኅተሙን ሞሉት። ስለዚህ የፓትርያርክ ማኅተም ላይ እመቤታችንን ስታዩ በሁለቱ የክልከላ ዘመኖች ውስጥ የመፈለግ ነገር ይቀራል።

ቅዱሱ ደግሞ አገር ይነግራል። የተሰሎንቄ ጳጳስ ቅዱስ ድሜጥሮስን ይወዳል። የሙራው ቅዱስ ኒቆላዎስን፣ የኤፌሶኑ ወንጌላዊው ዮሐንስን። የአንጾኪያ ፓትርያርክ ጴጥሮስን ያደርጋል፤ ከተማዋንም «ቴኡፖሊስ» ብሎ ይጠራታል፣ የእግዚአብሔር ከተማ ማለት ነው። ስሙ የወጣላት በ528 ከደረሰባት የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህን ስም የያዘ ማኅተም ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። የቦታው ስም ተፍቆ ቅዱሱ ብቻ ከቀረ ሊቁ በቅዱሱ ይገምታል። ግን ጠንቀቅ ነው። ሰው የራሱን ስም ቅዱስ ማድረግም ይወዳል። ቴዎድሮስ የሚባል ጳጳስ ቅዱስ ቴዎድሮስን ቢያስቀርጽ፣ አገሩን ነው ወይስ ስሙን ነው ያከበረው?

የአገረ ስብከቱ ደረጃም ይቆጥራል። ናዝያንዙን ሁላችንም የምናውቃት በጎርጎርዮስ ነው። ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ለብዙ ዘመን ተራ ኤጲስ ቆጶስ ነበር የሚሾምባት። ከፍ ወዳለው የአገረ ስብከት ደረጃ፣ ወደ ሜትሮፖሊስ፣ ያሳደጋት ንጉሥ ሮማኖስ ዲዮጋን ነው፤ የነገሠው ከ1068 እስከ 1071 ነው። «የናዝያንዙ ሜትሮፖሊታን» የሚል እርሳስ ካገኛችሁ በሩ ተዘጋ፤ ከ1068 ወዲህ ነው። ሆኖም ማኅተሙ ጳጳሱ ናዝያንዙ ይኖር ነበር ማለት አይደለም። ከ1071 የማንዚከርት ሽንፈት በኋላ ቱርኮች አናቶሊያን ሲያጥለቀልቁት፣ ብዙ ጳጳሳት የአገራቸውን ስም ይዘው ቁስጥንጥንያ ተቀምጠው ቀርተዋል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሰዓት ግን ማዕርግ ነው። ማዕርግ እንደ ብር ነው፤ ሲበዛ ይረክሳል። ሲረክስ ደግሞ ዓመቱን ይናገራል።

«ሲንኬሎስ» የሚለውን ውሰዱ። ቃሉ በአንድ በዓት አብሮ የሚኖር ማለት ነው። መነሻው ከፓትርያርኩ ጋር የሚያድር፣ ንጽሕናውን የሚመሰክር መነኩሴ ነበር። ቆይቶ ትልቅ ሹመት ሆነ፤ ሲንኬሎስ የነበረ ሰው ፓትርያርክ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ በዛ። የንጉሥ ሊዮ 6ኛ ወንድም እስጢፋኖስ በ886 ፓትርያርክ የሆነው ከዚያው ተነሥቶ ነው። ከዚያ ነገሥታቱ ማዕርጉን ለየክፍለ ሀገሩ ጳጳሳት መስጠት ጀመሩ። አብሮ ማደሩ ቀርቷል፤ አንዱ ተሰሎንቄ ነው ያለው፣ ፓትርያርኩ ቁስጥንጥንያ። በ1029 በጰራቅሊጦስ በዓል ሲንኬሎስ የሆኑት ጳጳሳትና ትልልቆቹ መኳንንት በመቀመጫ ተጣሉ። ማን ከማን በላይ ይቀመጥ ነው ነገሩ። የሠርግ ቤት ጠብ የምታውቁ ይህን ለመረዳት ማስታወሻ አያስፈልጋችሁም።

ሁሉም ሲንኬሎስ ሲሆንማ ማን ያከብረዋል? «ፕሮቶሲንኬሎስ» መጣ፤ ዋና ሲንኬሎስ። እሱም በ11ኛው ክፍለ ዘመን በዛ። ከዚያ «የፕሮቶሲንኬሎሶች ሰብሳቢ» የሚል ተጨመረ። ኃላፊ፣ ዋና ኃላፊ፣ የዋና ኃላፊዎች የበላይ ኃላፊ እንደማለት ነው። ሰዎቹ ለክብር ያደረጉት ነገር ለእኛ ካላንደር ሆነልን። ያ ሦስተኛው ማዕርግ ያለበት እርሳስ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ይሸተዋል። ሰውየው ሲሾም አሮጌው ቡሎቴሪዮን አያገለግልም፤ አዲስ ማስቀረጽ ነው። ዕድል ካለ የአንድ ሰው ሦስት ማኅተም ይገኝና ሹመቱን ደረጃ በደረጃ ታያላችሁ።

የመጨረሻው የፊደል ቅርጽ ነው። «ቤታ» አንዳንዴ ከታች ተከፍታ የላቲኑን አር ትመስላለች። «አልፋ» መሃሏ ይሰበራል። ዘመናቸው በእርግጠኝነት የታወቀ ማኅተሞች፣ የንጉሥም የፓትርያርክም፣ ተሰብስበው ፊደላቸው በሰንጠረዥ ተደርድሯል። ይህን በ1986 ያሳተመው ግሪካዊው ኒኮላስ ኢኮኖሚዲስ ነው። የቤተሰቡ ስም ራሱ ከኢኮኖሞስ የመጣ ነው፣ የመጋቢው ልጅ። የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተሞች ለብቻ አንድ ላይ ያሰባሰበው ደግሞ ቪታሊየን ሎራን የተባለ ፈረንሳዊ ካህን ነው፤ ከ1963 እስከ 1972 በየክፍሉ ታተመ። ዛሬም «የዚህ ጳጳስ ማኅተም ይታወቃል ወይ?» ሲባል መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሚካኤሎቹ። ኬሩላርዮስን መለየት አይከብድም። ከሁለተኛው ሚካኤል 85 ዓመት ይርቃል፤ በ85 ዓመት ውስጥ የፊደል ቅርጽ ይለወጣል፣ የእመቤታችንም አሣሣል ይለወጣል። አራተኛውም ራቅ ይላል። ጣጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። በመካከላቸው 24 ዓመት ብቻ ነው ያለው። መሣሪያውን የቀረጸው አንጥረኛ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል! እዚህ ጋ የሚደረገው ከእነሱ በፊትና በኋላ ከተቀመጡት ፓትርያርኮች ማኅተም ጎን ማስቀመጥና ማነጻጸር ነው። የዙፋኑ መደገፊያ፣ የሕፃኑ እጅ፣ የመስመሩ አከፋፈል። አንዳንዴ ሁለት ሊቃውንት ሁለት ሚካኤል ይላሉ። እኔ በበኩሌ ካታሎጉ ላይ «ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው» ብሎ የሚጽፈውን ሰው አምነዋለሁ።

የምናደድበት ነገርም አለ። እርሳሱ የተገኘበት ቦታ ትልቅ ወሬ ነው። ማኅተም የሚገኘው ደብዳቤው በተከፈተበት እንጂ በተጻፈበት ቦታ አይደለም። ቡልጋሪያ ፕሬስላቭ ላይ በቁፋሮ የወጡት ማኅተሞች ከተማዋ በ971 በቢዛንታይን እጅ ከገባች በኋላ ማን ወደዚያ ይጽፍ እንደነበር ይነግሩናል። በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው እርሳስ ግን በጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ እጅ ነው ያለፈው። ከየት ወጣ? ማን አገኘው? ነጋዴው አይነግርህም። ግማሽ ታሪኩ በሽያጭ ጊዜ ወደቀ። እርሳስ ደግሞ በሙዚየም ውስጥም ጠላት አለው። የኦክ እንጨት መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጡት ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ይበላዋል፤ ፊቱ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሺህ ዓመት አፈር ያልበላው ማኅተም ቆንጆ ቁም ሳጥን ውስጥ ያልቃል።

አንድ ማኅተም ብቻ ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ። ፎቶው ሲመጣ ሳሎኑ ጸጥ ብሎ ነበር። በቀኝና በግራ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዷ እመቤታችን ናት፤ ሌላው ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ ሐጊያ ሶፊያን ያሠራው ዮስጢኒያኖስ ነው። በመካከላቸው አንድ ትንሽ ቤት በአራት እጅ ይዘዋል። ጉልላት አለው። ሐጊያ ሶፊያ ናት፣ በጥፍር ልክ። ከኋላ ያለው ጽሑፍ «ቅድስት ወላዲተ አምላክ ሆይ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን ቀሳውስትና ኤክሌሲኤክዲኮስ እርጂ» ይላል። እነዚህ ሰዎች ከሰው ሸሽቶ ወደ ታላቋ ቤተ ክርስቲያን ለሚገባ ጥግ የሚሰጡ ቀሳውስት ናቸው። የግለሰብ ስም የለበትም። ማኅተሙ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይይዘዋል። ይህን በስም ልትይዘው አትችልም፤ የቀረህ ፊደሉና ሥዕሉ ብቻ ነው።

ሲጠቃለል ጥያቄ ተከፈተ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ስሙን ሆን ብሎ የደበቀ የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አለ። ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ማኅተም ላይ ግጥም መጻፍ መጣ፤ በስንኙ 12 ቀለም ያለው። አንዱ እንዲህ ይላል፤ «የማን ማኅተም እንደሆንኩ ጽሑፉን አይተህ እወቅ»። ስም የለ፣ ሹመት የለ፣ አገር የለ። ባለቤቱ ጳጳስ ይሁን መኮንን እንኳ አይታወቅም። ለተቀባዩ ችግር አልነበረውም፤ ደብዳቤውን ከፍቶ ያነበዋል። ለእኛ የደረሰን ግን እርሳሱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉኝ።

ሌላ ቅጂ እስኪገኝ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሌላ ቅጂ ቢገኝስ፣ ያው ‹ጽሑፉን እይ› አይደለም ወይ የሚለው?» አሉ።

ልክ ነዎት አባቴ፣ ያንኑ ነው የሚለው።